ስለ ኤሌክትሪክ መስመር አደጋ ለተሰጠው ምክር የቀረበ ምላሽ

ክረምት ሊገባ ሲል «የኤሌክትሪክ መስመርን ያለ ፍርሃት» በሚል ርእስ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በጎንደር ነዋሪዎች ዘንድ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ስማቸውን ያልገለጹት ጸሐፊ የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰውን የሚጎዳው ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ድንጋጤው ስለሆነ፣ ጥቂት ምልክቶችን ለይቶ ያወቀና በቤቱ ያለውን ደረቅ እንጨትና የጎማ ጫማ መጠቀም የቻለ ነዋሪ፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ እስኪደርስ ሳይጠብቅ የወደቀ ሽቦ ከመንገድ ማንሣት፣ መስመር የነካ ዛፍ መቁረጥና በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው ማትረፍ ይችላል።

ጽሑፉ በቅን ልቡና እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በጣለ ቁጥር ምሰሶ ሲያዘነብል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መስመር ላይ ሲወድቅና ሰፈር ሲጨልም የሚያይ ሰው አንድ ነገር ለማድረግ መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን በመስመር ዝርጋታና ጥገና ሥራ ላይ የቆየሁ ባለሙያ እንደመሆኔ መጠን፣ ምክሮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ የተሳሳተ መነሻ ላይ የቆሙ መሆናቸውን መናገር ግዴታዬ ነው። መነሻው፣ ኤሌክትሪክ ያለበትን መስመር ከሌለበት ዐይን ወይም ጆሮ ሊለየው ይችላል የሚል ነው። ሊለየው አይችልም። በሥራው የሠለጠነና መሣሪያ የያዘ ሠራተኛ እንኳ መስመሩን አቋርጦ፣ በመመርመሪያ ፈትሾና ከመሬት ጋር አገናኝቶ ካልሆነ በቀር በእጁ አይነካውም። ስለዚህ የጽሑፉን ነጥቦች በቅደም ተከተላቸው እያነሣሁ የማውቀውን እጽፋለሁ፤ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትንም አልዘልም።

በቅድሚያ የተጠቀሱት ወፎች ናቸው። «ወፎች ቀኑን ሙሉ ሽቦ ላይ ተቀምጠው የማይሞቱት መስመሩ የተሸፈነ ስለሆነ ነው፤ ያልተላጠ ሽቦ ቢነካም አይጎዳም» ይላል ጽሑፉ። ወፏ የምትድንበት ምክንያት ሌላ ነው። ሁለቱም እግሮቿ በአንድ ሽቦ ላይ ስላረፉ በእግሮቿ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ከሞላ ጎደል የለም፤ ልዩነት በሌለበት ደግሞ ኤሌክትሪኩ በአካሏ ውስጥ አያልፍም። ክንፏን ዘርግታ ጎን ያለውን ሌላ ሽቦ ወይም ምሰሶው ላይ የታሰረውን ብረት በነካች ቅጽበት ትሞታለች፤ እንደ ጥንብ አንሣና ሽመላ ያሉ ክንፋቸው ሰፊ የሆኑ ወፎች መስመሮች ላይ የሚሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው። መሬት ላይ የቆመ ሰው ሽቦ ሲነካ እጁ በመስመሩ ቮልቴጅ፣ እግሩ በመሬት ላይ ይሆናልና በመካከል ያለው ደረቱ መተላለፊያ ይሆናል።

ስለ ሽፋኑ የተባለውም ትክክል አይደለም። ምሰሶው አናት ላይ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ምሰሶው እንዳያልፍ በሚከላከለው፣ ስኒ በምንለው ማቀፊያ ላይ ታስረው የሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች በአብዛኛው 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት የሚሸከሙ ናቸው። ከቤታችን 220 ቮልት ጋር ሲነጻጸሩ የመጀመሪያው 68 እጥፍ ገደማ፣ ሁለተኛው 150 እጥፍ ነው። እነዚህ ራቁታቸውን የተዘረጉ የአሉሚኒየም ሽቦዎች ሲሆኑ፣ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው ስለሚጠቁሩ ከታች ለሚመለከታቸው ሰው የተሸፈኑ ሊመስሉት ይችላሉ። ከእነርሱ ዝቅ ብለው ወደየቤቱ የሚያከፋፍሉት የ380 እና የ220 ቮልት መስመሮች ናቸው፤ ከእነዚህም አሮጌዎቹ ራቁት ናቸው፣ በአሮጌዎቹ ምትክ የሚዘረጉት እርስ በርስ የተጠመዘዙ ጥቋቁር ኬብሎች ግን በእርግጥ ሽፋን አላቸው። ይህም ሽፋን ከቆርቆሮ ጠርዝ ወይም ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ለወራት ሲፋተግ ይላጣል፤ የተላጠበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላይ በኩል ስለሚሆን ከመሬት አይታይም።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ቀጥሎ ያለው ምክር ነው። ጸሐፊው «መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ብልጭታ ካላሳየና ድምፅ ካላሰማ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ሰፈሩ ጨልሞ ከሆነማ ያለ ስጋት ሊነሣ ይችላል» ብለዋል። ይህ ምክር ሰው ይገድላልና ሰፋ አድርጌ ልመልስለት።

ሽቦ ተበጥሶ ሲወድቅ በማከፋፈያ ጣቢያው ያለው መከላከያ መስመሩን የሚያቋርጠው ከሽቦው ወደ መሬት የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ከፍተኛ ሲሆን ነው። ሽቦው በደረቅ አስፋልት፣ በኮብልስቶን፣ በጠጠር ወይም በአሸዋ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ መሬት የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ መከላከያው ከተጠቃሚዎች መደበኛ ፍጆታ ለይቶ አያየውም። በዚህ ጊዜ ሽቦው ያለ ብልጭታና ያለ ድምፅ ሙሉ ቮልቴጁን እንደያዘ ተጋድሞ ሊቆይ ይችላል፤ ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው ወይም አንድ ሰው ሲነካው የሚያልፍበት መንገድ ያገኛል። መከላከያው በሚገባ ሠርቶ መስመሩን ባቋረጠበት ጊዜም ነገሩ አላለቀም። ችግሩ ጊዜያዊ ከሆነ መብራቱ ቶሎ እንዲመለስ ተብሎ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መስመሩን ራሱ መልሶ የሚያገናኝ መሣሪያ የተገጠመላቸው መስመሮች አሉ፤ ይህ መሣሪያ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ሊሞክር ይችላል። አሁን ዝም ብሎ የነበረው ሽቦ አንድ ሰው በእጁ ይዞት ሳለ ኤሌክትሪክ ሊመጣበት ይችላል ማለት ነው።

የሰፈር መጨለምም ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ሰፈሩ የጨለመው ሽቦው በመበጠሱ ከሆነ፣ ከተበጠሰው ቦታ ወደዚያ ያሉት ቤቶች መብራት ያጣሉ፤ ከማከፋፈያው በኩል የመጣው ጫፍ ግን ኤሌክትሪኩን እንደያዘ መሬት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከሁለቱ ጫፎች የትኛው ከየት እንደመጣ ቆሞ የሚያይ ሰው ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ላይ የላይኛው ሽቦ ሲበጠስ ከሥሩ ባለው የቤት መስመር ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ስላለ፣ 220 ቮልት ነው ብለን የምናስበው ሽቦ 15 ኪሎ ቮልት ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል።

ጸሐፊው ከነጭራሹ ያላነሡት ሌላ ምክንያት ጄኔሬተር ነው። መብራት ሲጠፋ በፒያሳና በአራዳ ዙሪያ ያሉ ሱቆችና ሆቴሎች ጄኔሬተር ያስነሣሉ፤ ይህ በሥርዐቱ ሲደረግ ነውር የለበትም። የቤቱን መስመር ከከተማው መስመር የሚለይ ቼንጅ ኦቨር ሳይገጠም ጄኔሬተሩ በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ ሲገናኝ ግን ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ትራንስፎርመር ሲደርስም መሣሪያው በተገላቢጦሽ ስለሚሠራ 220ው ቮልት በላይኛው መስመር ላይ ወደ ሺዎች ቮልት ሊያድግ ይችላል። ከተማው በሙሉ ጨልሞ እያለ በአንድ ቤት ጄኔሬተር ምክንያት መስመር ላይ ያለ ሠራተኛ ወይም የወደቀ ሽቦ ያነሣ መንገደኛ ሊሞት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ጄኔሬተር ያላችሁ ወገኖቼ ይህን አንድ መሣሪያ በባለሙያ ሳታስገጥሙ እንዳታስነሡት አጥብቄ እለምናለሁ።

የወደቀ ሽቦ ሳይነካም ይጎዳል። ከሽቦው ወደ መሬት የሚገባው ኤሌክትሪክ በአፈሩ ውስጥ በዙሪያው ሲሰራጭ ቮልቴጁ ከሽቦው በራቀ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ እግሩን ወደ ሽቦው አቅርቦ ሌላውን ያራቀ ሰው በሁለቱ እግሮቹ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠርበታል። እርምጃው በሰፋ መጠን ልዩነቱ ይጨምራል። ለዚህ ነው ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ የሚመከረው፤ ሳያውቅ የተጠጋ ሰው ደግሞ መሮጥ የለበትም፤ እግሮቹን አጠጋግቶ፣ ከመሬት ሳያነሣ፣ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ መራቅ አለበት። ከብቶች ከሰው ይልቅ በቀላሉ የሚሞቱት የፊትና የኋላ እግሮቻቸው የተራራቁ ስለሆኑና ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ በልባቸው በኩል ስለሚሄድ ነው። በአዘዞ ዳርቻም ሆነ ወደ ወገራና ደምቢያ ባሉት መስኮች ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ በሬው መስመር ሥር ወድቆ ሲያይ ሊያስነሣው እንደሚሮጥ እናውቃለን። ልጆቻችንን ማስተማር ያለብን፣ እንስሳ ያለ ምክንያት የወደቀበት መስመር ሥር እንዳይገቡና አዋቂ እንዲጠሩ ነው።

ወደ እንጨቱና ወደ ጎማው ስመጣ፣ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። በቤት ውስጥ በ220 ቮልት ገመድ የተያዘ ሰው ሲገኝና ብሬከሩ ጋ መድረስ ካልተቻለ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ መጥረጊያ ገመዱን ከሰውየው መግፋት የታወቀ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ስሕተቱ ይህንኑ ወደ ምሰሶ መስመር ማሻገራቸው ነው። ደረቅ የምንለው እንጨት በውስጡ ሁልጊዜ የተወሰነ እርጥበት አለው፤ በ220 ቮልት የማይሰማው ይህ እርጥበት በ15 ኪሎ ቮልት ሰው ለመግደል የሚበቃ ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍ ይችላል። ለመግደል የሚያስፈልገው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የእጅ ጡንቻ ተጨማድዶ ሽቦውን እንዳይለቅ ያደርገዋል፤ 50 ሚሊ አምፔርና ከዚያ በላይ ለሰከንድ ያህል በደረት ካለፈ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። የቤታችን ተራ ብሬከር ደግሞ የሚወርደው 10 ወይም 16 አምፔር፣ ማለትም ከዚህ በመቶዎች እጥፍ የበለጠ ሲያልፍበት ነው፤ ጽሑፉ «ብሬከር ያለው ቤት ሰው አይጎዳም» ያለውም በዚሁ ይወድቃል።

የጎማ ጫማውን ነገር በተመለከተ፣ የመስመር ሠራተኛ የሚያጠልቀው ጓንት ለምን ያህል ቮልቴጅ እንደሆነ የተጻፈበት፣ በየጊዜው በላቦራቶሪ የሚፈተን፣ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊትም አየር ተሞልቶ መርፌ የምታህል ቀዳዳ እንደሌለችው የሚታይ ነው። በገበያ የምንገዛው ቦት ጫማ ለጭቃ የተሠራ ነው፤ ከምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም፣ ሶሉ ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ውኃም ያስገባል። በእንዲህ ያለ ጫማ ተማምኖ ወደ ሽቦ መጠጋት ያለ ጫማ ከመጠጋት የሚለየው ድፍረት በመጨመሩ ብቻ ነው።

ስለ ርቀት የቀረበው ክርክር ከሁሉ ይልቅ የታሰበበት ስለሆነ በጥሞና ሊመለስ ይገባዋል። ጸሐፊው፣ 15 ኪሎ ቮልት በአየር ላይ ዘልሎ የሚሄደው ከጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደማይበልጥ ጠቅሰው፣ ቤት የሚሠራም ዛፍ የሚቆርጥም ሰው አንድ ሜትር ከራቀ ይበቃዋል ብለዋል። መነሻቸው እውነት ነው። ኤሌክትሪክ ሜትሮችን እየዘለለ ሰው ይይዛል የሚለው በየመንደሩ የሚወራ ታሪክ ስለ 15 ኪሎ ቮልት መስመር ሲነገር የተጋነነ ነው። በእርግጥ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ኤሌክትሪክን የመከላከል ዐቅሙም በባሕር ወለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ቢሆንም ዝላዩ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር እንደሆነ ይቀራል።

ታዲያ እኛ ባለሙያዎች ከመስመር ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቁ የምንለው ለምንድን ነው? ሽቦውም ሰውም ባሉበት ስለማይቆሙ ነው። ሽቦው በፀሐይ ሙቀትና በጭነት ይረግባል፣ በነፋስ ይወዛወዛል። ሰውየው ደግሞ እቃ ይዞ ይዞራል፤ ያ እቃ በአብዛኛው ብረት ነው። በገበያችን የሚሸጠው ፌሮ 12 ሜትር ርዝመት አለው። ከሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች አንዱን ጫፍ ይዘው ሲያዞሩት ሌላው ጫፍ ማንም ሳያየው መንገዱን ተሻግሮ መስመር ሊነካ ይችላል። የቆርቆሮ ክፈፍ፣ የአሉሚኒየም መሰላል፣ የብረት ሜትር ሳይቀር እንዲሁ ነው። በማራኪም፣ በአዘዞም፣ በቀበሌ 18ም እንደሚታየው ሕንፃዎች ከመሬት ሲጀመሩ ከመስመር የራቁ ይመስላሉ፤ በረንዳው እየወጣ፣ ፎቁ እየጨመረ ሲሄድ ግን ሽቦው መጨረሻ ላይ ከመስኮቱ በክንድ ርቀት ይገኛል። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ስለ መስመሩ የሚጠይቅበት ዕድል የለውም፤ በማግሥቱ ሥራ እንዳያጣ ፈርቶ የታዘዘውን ይሠራል። ስለዚህ እዚህ ላይ የምወቅሰው እርሱን አይደለም። መስመሩ እንዲነሣ ወይም ሥራው እስኪያልቅ ኤሌክትሪኩ እንዲቋረጥ ከመሠረት ቁፋሮ በፊት ማመልከት የባለቤቱና የኮንትራክተሩ ድርሻ ነው። ይህን ለማስፈጸም የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር ሊነጻጸር እንደማይችል እነርሱም ያውቁታል።

ዛፍንም በሚመለከት አንድ ሜትር አይሠራም። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቁመቱን ያህል ርቀት ይወድቃል፤ እርጥብ ግንድ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መስመር የነካ ዛፍ ላይ መውጣትም፣ በመጥረቢያ መቁረጥም፣ ቅርንጫፉን በገመድ መጎተትም መከልከል አለበት። ነዋሪው በራሱ ሊያደርገው የሚችለው ከሁሉ የሚሻለው ነገር ከመስመር ሥር ባሕር ዛፍ አለመትከል፣ የተተከለውንም መስመሩ ላይ ሳይደርስ ገና ለጋ ሳለ መቁረጥ ነው።

ጽሑፉ ስለ ጥምቀትም ተናግሯል። «ባንዲራና ጨርቅ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ማሰር ጉዳት የለውም፤ ምሰሶው እንጨት ወይም ኮንክሪት ነውና» ይላል። ከተማችን ለከተራና ለጥምቀት የምታጌጠው ማጌጥ ለእኛ ከልብ የመጣ ነገር ስለሆነ ይህን ነጥብ በጥንቃቄ እመልሳለሁ። ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱባቸው መንገዶች ጥር 10 ከመድረሱ በፊት በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቆች ይሸፈናሉ፤ ይህን የሚሠሩት የየሰፈሩ ወጣቶች በራሳቸው ገንዘብና ጉልበት ነው። የኮንክሪት ምሰሶ ውስጡ በብረት የተሞላ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው መስቀለኛ ብረትም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። አንድ ስኒ ተሰንጥቆ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ምሰሶው ሊመጣ ይችላል። የእንጨት ምሰሶም በዝናብና በጤዛ ሲርስ እንዲሁ ነው፤ ሥሩ መሬት ውስጥ በስብሶ ከሆነ ደግሞ ገመድ ለማሰር የወጣበትን ልጅ ይዞት ሊወድቅ ይችላል። ጨርቁ የሚታሰርበት ቀጭን የብረት ሽቦ ነፋስ ሲያነሣው ወደ መስመሩ የሚወዛወዝ የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ይሆናል። በገመድ ይሁን፣ ገመዱም ከመንገድ ዳር ካሉ ሕንፃዎች ወይም ለዚሁ ከተተከሉ አጫጭር እንጨቶች ላይ ይታሰር። ረጅም ዘንግ ያለው ሰንደቅ የሚይዙና በመኪና ላይ ቆመው የሚጓዙ ወጣቶችም መንገዱን የሚያቋርጡ መስመሮች የት የት እንዳሉ አስቀድሞ የሚነግራቸው አስተባባሪ ቢኖራቸው መልካም ነው። በዓሉ ከዚህ የተነሣ አንዳች አይጎድልበትም።

ስለ መኪና የተባለውን ባጭሩ ልለፈው። መስመር የወደቀበት መኪና ውስጥ ያለ ሰው አለመውረዱ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ጸሐፊው እንዳሉት ጎማው አይደለም። የሚከላከለው በዙሪያው ያለው ብረት ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ስለሚያሳልፈው ነው። ልዩነቱ አስፈላጊ የሚሆነው ለባጃጅ ነው፤ ጎማ አለው፣ ጎኑ ግን ክፍት ነው፣ ጣሪያው ሸራ ነው፤ ስለዚህ ባጃጅ እንደ መኪና ይከላከላል ብሎ ማመን አይቻልም። መኪናው እሳት ከያዘ ብቻ፣ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ፣ ሁለት እግርን ገጥሞ ወደ ውጭ መዝለልና እግርን እየጎተቱ መራቅ ያስፈልጋል።

የልብስ ማስጫ ሽቦን በመብራት ምሰሶ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማሰር አደገኛ መሆኑን ጸሐፊው ጽፈዋል፤ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የተላጠ ገመድ ቆርቆሮ ሲነካ ቤቱ በሙሉ፣ እርጥብ ልብስ የምታሰጣዋ እናት የያዘችውም ሽቦ ጭምር ኤሌክትሪክ ይይዛል። ጣሪያ ወይም የብረት በር ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ዋናውን ብሬከር አውርዶ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

አሁን በጽሑፉ ውስጥ ከወደቀው ሽቦ ቀጥሎ አደገኛ ወደሆነው ምክር ልምጣ። «በኤሌክትሪክ የተመታ ሰው በሰውነቱ የቀረውን ኃይል መሬት እስኪስብለት እስከ አንገቱ በእርጥብ አፈር ይሸፈን፤ እስከዚያው በባዶ እጅ አይነካ» ተብሏል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሰው አካል ውስጥ አይቀርም። ከሽቦው በተለየበት ቅጽበት ሰውየው እንደማንኛውም ሰው ይነካል፤ የሚያስፈራው ሽቦው ገና ከነካው ወይም በአጠገቡ ከተጋደመ ነው። በምሰሶ መስመር የተመታ ከሆነ ኤሌክትሪኩ መቋረጡ በሠራተኞች ሳይረጋገጥ መቅረብ አይገባም፤ ይህ ቆሞ ማየት የሚያም ነገር መሆኑን አውቃለሁ፣ ነገር ግን ለመርዳት የሮጠው ሁለተኛው ሰው እዚያው ሊወድቅ ይችላል። በቤት ውስጥ ከሆነ ብሬከሩ ይውረድ።

ከዚያ በኋላ የምንሽቀዳደመው ከደቂቃዎች ጋር ነው። ኤሌክትሪክ የልብን ምት ሲያዛባ ደም ወደ አንጎል አይደርስም፤ አንጎል ደግሞ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ጉድጓድ ለመቆፈርና አፈር ለመመለስ የሚባክነው ጊዜ ይኸው ነው፤ ደረት ላይ የተከመረ አፈር ያቺን የቀረችውን ትንፋሽ ያፍናል፣ በቃጠሎው ቁስል ላይም ቆሻሻ ይጨምራል። ሰውየው ካልነቃና በሚገባ ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝቶ፣ በደረቱ መካከል የአንድ እጅን መዳፍ አሳርፎ ሌላውን በላዩ ደርቦ፣ ክንድን ሳያጥፉ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። የሠለጠነ ሰው ካለ በየ30ው ግፊት ሁለት ትንፋሽ ይሰጣል፤ ያልሠለጠነ ሰው መጫኑን ብቻ ሳያቋርጥ ይቀጥል፣ ሲደክመው ሌላው ይተካው። ነቅቶ የተነሣ ሰውም «ደኅና ነኝ» ቢል ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። በእጁ ላይ የምትታየው ቁስል ትንሽ ብትሆንም ኤሌክትሪኩ ባለፈበት መንገድ ያለው ጡንቻ በውስጥ በኩል ሊቃጠል፣ የልቡ ምትም ሊዛባ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ጽንሱም መታየት አለበት።

በመጨረሻ ጸሐፊው «ደውሎ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው» ብለዋል። ሰው ይህን የሚለው ከምን ተነሥቶ እንደሆነ ይገባኛል፤ በዝናብ ሌሊት በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ሲበላሽ ጥገና ይዘገያል። መዘግየቱ ግን ሽቦውን አያበርደውም። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ነፃ መስመር ሲደወል ሰዓት የሚያተርፈው መረጃው የተሟላ መሆኑ ነው፤ ሽቦው ከላይኛው ነው ከታችኛው፣ መሬት ነክቷል ወይስ ተንጠልጥሏል፣ የተጎዳ ሰው አለ ወይስ የለም፣ ቦታውስ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም ከየትኛው ትራንስፎርመር አጠገብ ነው። እስኪመጡ ድረስ ሥራ የሚፈልጉ እጆች ሥራ አላቸው። መንገዱን ከሁለቱም በኩል ከ10 ሜትር በላይ ርቆ በድንጋይና በቅርንጫፍ መዝጋት፣ ባጃጆችን መመለስ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆችን በሌላ መንገድ ማሳለፍ፣ ሲመሽም ባትሪ ይዞ በተራ መቆም ያስፈልጋል። ጽሑፉን ያነበቡት ወጣቶች ያላቸውን ጉልበት የማውቀው ስለሆነ፣ በሽቦው ፈንታ ለዚህ ቢያውሉት እመርጣለሁ።

ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው፣ ዝም ስላለው ሽቦ፣ ስለ ደረቁ እንጨትና ስለ አፈሩ የጻፏቸውን ሦስት ምክሮች ከጽሑፉ እንዲያወጡና ማውጣታቸውንም በግልጽ እንዲናገሩ ነው። ጽሑፉን ለሌሎች ያስተላለፉ ሰዎችም እርማቱን ለእነዚያው ሰዎች ቢያደርሱ፣ ሐምሌ ሳይገባ ቢሆን ይመረጣል።